ሞፈር የማያውቅ ምድር

ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጣና ሐይቅ ላይ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል የሄደ ሰው ከፊቱ የሚያገኘው እስከ ውኃው ጠርዝ ወርዶ የቆመ ደን ነው። በየብስ፣ አፋፍ በምትባለው ቦታ በኩል ለመጣውም እንዲሁ ነው፤ የጤፉና የዳጉሳው ማሳ፣ የከብቱ መሰማሪያ በአንድ ጊዜ ይቀርና መንገደኛው ጥላ ውስጥ ይገባል። ከአፋፍ ወዲህ ያለው አገር የታረሰ፣ ወዲያ ያለው ያልታረሰ ነው። ይህን ድንበር ያለ አጥር፣ ያለ ጠመንጃ ለዘመናት ያቆየው የገዳማቱ ሥርዓት ነው፦ በዘጌ ምድር አይታረስም፣ ከብትም አይረባም።

የአገሬው ሰዎች ነገሩን ከአቡነ በትረ ማርያም ይጀምሩታል። ጻድቁ ወደዚህ ልሳነ ምድር መጥተው በጸሎት ሲጸመዱ፣ ሕዝቡ ሳያርስ የሚኖርበትን መንገድ ፈጣሪን ለመኑ። በትራቸውን ለሦስት ቆርጠው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ ይላሉ። እኔን ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር የሚያስደንቀኝ የሦስቱ ተክሎች ምርጫ ነው። ሦስቱም አንዴ ከተተከሉ ማረሻ ሳይነካቸው ዓመት ከዓመት የሚሰጡ ናቸው። ቡና ደግሞ ጥላ ይሻል። ቡናውን የሚፈልግ ሰው ከበላዩ ያለውን ዋንዛና ብርብራ ሊጥለው አይችልም፤ ጥላው ከሄደ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ አፈሩም ይደርቃል። ደኑን ጠብቅ የሚለው ትእዛዝ ለዘጌ ሰው የተሰጠው በዚያው በዕለት እንጀራው ውስጥ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ጥበብ ያለበት የጥበቃ ሕግ አላውቅም።

ደኑን ስናመሰግን ግን ቡናውን የለቀሙትን እጆችም ማሰብ ይገባናል። የታሪክ ተመራማሪው አብዱሰመድ አሕመድ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1935 የነበረውን የዘጌን ታሪክ አጥንተው እንዳሳዩት፣ በዚያ ዘመን ካህናትና ባላባቶች የቡናውን ሥራ ያሠሩ የነበረው በባሪያዎች ጭምር ነው። ዛሬ በጥላው ሥር የምንሄድበት ምድር የእነዚያም ሰዎች ላብ አለበት፤ ስማቸው በገድልም በስንክሳርም አልተጻፈም። ስለ ዘጌ በረከት የሚናገር ሰው ይህንን ሳይናገር ቢያልፍ ምስጋናው ጎዶሎ ይሆናል።

ከጀልባው ማረፊያ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው የእግር መንገድ በቡና መካከል ሽቅብ ይወጣል። ከግራና ከቀኝ ትናንሽ የደንገል ታንኳ፣ መስቀል፣ በብራና ላይ የተሣለ ሥዕል የሚሸጡ ሰዎች አሉ። አብዛኛው እንግዳ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለውን የመቅደስ ሥዕል ለማየት ይቸኩላል፤ ሥዕሉም መቸኮል የሚያስመኝ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት የተሣለ ሌላ ሥራ በመንገዱ ላይ አለ፤ ለማየትም ቆም ብሎ ቀና ማለት ይበቃል።

ሶሪት አንዷ ናት። ዋንዛው ላይ ስትሆን ከቅጠሉ ለይቶ ማየት አስቸጋሪ ነው። ደረቷና ጀርባዋ አረንጓዴ፣ ዓይኗ ዙሪያ ቀይ ቀለበት፣ ጉንጯ ላይ እንደ ኖራ የነጣ ምልክት። ብዙ አትበርም፤ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየሮጠች ፍሬ ትለቅማለች። በድንገት ተነሥታ ክንፏን ስትከፍት ግን እስካሁን ተሸፍኖ የነበረው ደማቅ ቀይ ይገለጣል፤ ወዲያው ሌላ ዛፍ ላይ ታርፍና ቀዩ ይጠፋል። ይህች ወፍ የምትለብሰው ቀለም ከአብዛኛው ወፍ ቀለም ይለያል። የብዙ ወፎች አረንጓዴ ላባው ብርሃንን የሚሰብርበት ብልሃት ውጤት ነው፤ ላባው ቢፈጭ አረንጓዴው አይገኝም። የሶሪትና የዘመዶቿ አረንጓዴ ግን እውነተኛ ቀለም ነው፤ ቀዩም በውስጡ መዳብ አለበት። ወፊቱ ከምትበላው ፍሬ ጥቂት በጥቂት መዳብ እየሰበሰበች በክንፏ ውስጥ ታኖረዋለች። ቀይ መልበሻዋን ከዛፍ ነው የምታገኘው ማለት ነው፤ ዛፉ ከሌለ ቀዩም የለም።

ሾላው ደግሞ የራሱን ምሥጢር ይዟል። ሾላ አበባ አያወጣም የሚል ሰው ይሳሳታል፤ አበባው በፍሬው ውስጥ፣ ከሰው ዓይን ተሰውሮ ነው የሚያብበው። አበባውን ለማዳቀል ወደዚያ ጓዳ የሚገባ አንድ ፍጥረት አለ፤ ከቅንጣት ጤፍ እምብዛም የማይበልጥ ተርብ። ሴቲቱ ተርብ በጫፉ ባለው ጠባብ ቀዳዳ ስትገባ ክንፎቿ ይቀነጠሳሉ፤ ከዚያ መመለስ የለም። ከሌላ ዛፍ ይዛ የመጣችውን የአበባ ብናኝ በውስጡ ባሉት አበቦች ላይ ትነሰንሳለች፣ ዕንቁላሏን ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። ከሳምንታት በኋላ ልጆቿ ይፈለፈላሉ። ወንዶቹ ክንፍ የላቸውም፤ ሥራቸው እኅቶቻቸው የሚወጡበትን መንገድ በጥርሳቸው መብሳት ነው፤ ያንን ፈጽመው የፀሐይ ብርሃን በቅጡ ሳያዩ ያልፋሉ። ሴቶቹ ብናኙን ተሸክመው በነፋስ ይወጣሉ። ዕድሜያቸው ከአንድ ሁለት ቀን አይዘልም፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ ለመግባት የደረሰ ፍሬ ያለው ሌላ ሾላ ማግኘት አለባቸው። ስለዚህ ለብቻው የቀረ ሾላ፣ ሌሎች ሾላዎች ካልደረሱበት፣ ቅጠሉ ቢለመልምም ዘሩ መካን ነው። ጦጣው፣ ሶሪቱ፣ ቀፎ ሰቃዩና ቡና ለቃሚው ሁሉ ከሚበሉበት ገበታ ሥር ይህች የማትታይ ተርብ አለች። ይህን ያዘጋጀ አምላክ ምስጋና ይገባዋል ከማለት በቀር እኔ የምጨምረው ነገር የለኝም።

አሁን ወደ ውኃው እንውረድ። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ ከ15 ሜትር አይበልጥም። የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የጥንቱን ሸለቆ ዘግቶ የሠራው ሐይቅ ነው። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከሌሎች በርካታ ጅረቶች ጋር ይገቡበታል፤ የሚወጣው አባይ ብቻ ነው። ከሐይቁ ወለል የተወሰደው ደለል እንደሚመሰክረው ከ16,000 ዓመት በፊት ገደማ ጣና ደርቆ ነበር፤ ከዚያ ዝናቡ ተመለሰና ሞላ። የዓለሙን ዕድሜ ለሚያስብ ሰው ይህ ትናንት ማለት ነው።

በዚያ በተመለሰ ውኃ ውስጥ የሆነውን ግን በሌላ ሥፍራ አናገኘውም። ገበያ ላይ በደፈናው ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓሣ አይደለም። የሆላንድ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባደረጉት ጥናት 15 የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን ለይተዋል፤ ሁሉም ከጣና ውጭ በዓለም ላይ የሉም። አንዱ አፉ ወደ ታች የዞረ፣ ከወለሉ ጭቃ የሚለቅም ነው፤ ሌላው ሰፊ መንጋጋ ያለው አዳኝ፣ ሌላው ከውኃው ገጽ አጠገብ የሚያድን። ከ15ቱ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ ናቸው። የሚገርመው ይህ ነገድ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው፣ ጨጓራም ያልተፈጠረለት፣ ለአደን ፈጽሞ ያልታሰበ የሚመስል ነገድ መሆኑ ነው። ከጣና በታች የጢስ አባይ ፏፏቴ በሩን ስለዘጋው ከታች ያሉት የአባይ ዓሦች አልወጡም፤ ተቀናቃኝ ባነሰበት ቤት እነዚህ ሐይቁ የሚፈልገውን ሥራ አብዛኛውን ለራሳቸው ተከፋፈሉት። የዚህ ዓይነት ሌላ ቤተሰብ በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ነበረ፤ ባለፈው መቶ ዓመት ከሌላ ቦታ በመጡ ዓሦችና በሰው እጅ ጠፋ ለማለት ይቻላል። አሁን ሳይፈርስ ያለው የጣናው ብቻ ነው።

ክረምት ሲከብድ፣ በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ፣ ከእነዚህ ዝርያዎች ቢያንስ ሰባቱ ከሐይቁ ተነሥተው ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ። ጎርፉን ሽቅብ እየተጋፉ፣ ጠጠርማ ወለልና ንጹሕ ውኃ እስኪያገኙ ድረስ ይሄዳሉ፤ እዚያ ዕንቁላላቸውን ጥለው በመስከረም ይመለሳሉ። በዚህ ጊዜ ዓሣው በወንዙ አፍ ተሰብስቦ ስለሚገኝ ለአጥማጅ እንደ ተከፈተ ጎተራ ነው። በሞተር ጀልባና በናይሎን መረብ ማጥመድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ከተጀመረ ወዲህ ነጭ ዓሣ በእጅጉ አሽቆልቁሏል። መረብ የሌለው ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ጅረቱ ላይ ይበትናል፤ ዓሣው ትንፋሽ አጥቶ ይንሳፈፋል፣ ትልቁም ጫጩቱም አብሮ። ብርብራ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይበቅል ዛፍ ነው። በዘጌ ለቡናው ጥላ ሆኖ ያኖራል፤ በጉማራ ዳር ፍሬው ለመርዝ ይወቀጣል። ዛፉ አልተለወጠም።

ከጥቅምት ወዲያ ደግሞ ሐይቁ ከሩቅ አገር እንግዳ ይቀበላል። በእንግሊዝኛ ክሬን የሚባሉት፣ አንገታቸው የረዘመ ግራጫ ወፎች፣ በፊንላንድና በኢስቶንያ ረግረግ ላይ ጫጩቶቻቸውን አሳድገው፣ ውርጭ ሳይደርስባቸው ይነሡና ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ በርረው በጣና ዳር ያርፋሉ። ተመራማሪዎች በጀርባቸው ላይ የሳተላይት መከታተያ አስረው መንገዳቸውን ስላዩ ይህ በግምት የሚባል አይደለም። ቀን በፎገራና በጭምባ ማሳዎች ላይ የታጨደውን ቃርሚያ ይለቅማሉ፤ ማታ ውሻም ቀበሮም በማይደርስበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ፀሐይ በብርዱ ወራት ለጥቂት ሰዓት ብቻ በምትታይበት ሰሜን የተፈለፈለ ወፍ ከጎጃምና ከጎንደር ገበሬ ጋር አንድ ማሳ ይካፈላል።

መንገዳቸው ላይ ካሉት ማረፊያዎች አንዱ በእስራኤል የሑላ ሸለቆ ነው። እዚያም በሺህ የሚቆጠሩ ክሬኖች ሲወርዱ ገበሬው በሰብሉ፣ ጎብኚው በግርግሩ ወፉን ያስጨንቁት ነበር። መላው ሁለት ሆነ፦ ለወፎቹ በአንድ ቦታ እህል ይበተንላቸዋል፤ ጎብኚውም በትራክተር በሚጎተት የተሸፈነ ጋሪ ውስጥ ሆኖ ይቀርባቸዋል። ወፎቹ ትራክተሩን ስለለመዱት አይሸሹም፤ ሰው በእግሩ ቢሄድ ግን መንጋው ሁሉ ይነሣል። ቁም ነገሩ እንግዳው ወፉ በሚችለው መጠን እንጂ ራሱ በፈለገው መጠን አለመቅረቡ ነው። ያው ወፍ ወደ ጣና ሲደርስ ይህን ያህል ጥንቃቄ አያገኝም።

የጣና ሐይቅና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የሰውና የባዮስፌር መርሐ ግብር ተመዝግቧል። ምዝገባው ትልቅ ክብር ነው። ነገር ግን ባዮስፌር የሚለው ቃል ሰውን ከውስጥ ያስገባ ነው፤ ትርጉሙም ሰዉ እየኖረ ተፈጥሮው ይጠበቅ ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው ዘጌ ከሌሎች ጥብቅ ሥፍራዎቻችን የምትለየው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፣ በ2017 የወጣው ከብዙ ድካም በኋላ ነው፤ ከዚያም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ እንዲለቁ ተደርጓል። ለዋልያው ሣር እንዲተርፍለት ሰው መውጣት ነበረበት ተብሎ ተወሰነ። የዘጌ ደን ግን ያለው ሰው ስላለበት ነው። ካህኑ፣ መነኩሴው፣ ቡና ለቃሚው ሴት፣ ጌሾ ሻጩ ቢወጡ ደኑን የሚጠብቅ ሌላ ኃይል የለም። የትኛውም የቱሪዝም ዕቅድ ከዚህ መነሣት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ቱሪዝም ዘጌን ጠቅሟታል፤ አስጎብኚው ወጣት፣ ባለ ጀልባው፣ ታንኳ ሠሪው፣ በመንገድ ዳር ሻጩ ከእንግዳ ይኖራሉ። ሆኖም ገንዘቡ የሚወርደው ማረፊያውና ገዳማቱ ባሉበት መንገድ ዳር ነው፤ ከዚያ ራቅ ብሎ ቡናውን የሚኮተኩተው ቤተሰብ ከጎብኚ የሚያገኘው እምብዛም የለም። ቡና ሳይከፍል ሲቀር፣ በሽታ ሲመታው፣ ያ ቤተሰብ ያለው አማራጭ ዛፍ ቆርጦ ማገዶውን ለባሕር ዳር ገበያ ማውረድ ነው። ይህ ዛሬ የመጣ ችግር አይደለም። ከኮቪድ ወዲህ፣ ከዚያም በሰሜኑ ጦርነትና በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት እንግዳ ሲቀር ሸክሙ የባሰ ከበደ። ጀልባዋ ስትቆም ምሳር ይነሣል። ይህን ለአጥፊ ሰው ኃጢአት ብቻ ልንሰጠው አንችልም፤ ልጅ የራበው አባት ዋንዛውን አይቶ ስለ ሶሪት አያስብም።

እንግዳው ሲመለስ ደግሞ እንዴት ይመለስ የሚለው ጥያቄ አለ። ከአባይ መውጫ አጠገብ ጉማሬ ለማሳየት ሞተሩን እያገሳ ደንገሉ ውስጥ የሚገባ ጀልባ አይቻለሁ። ጉማሬ ግልገል ይዛ ስትሆን መንገድ አትለቅም፤ ለሰዎቹም ለእሷም አደጋ ነው። ደንገሉም ሲረገጥ ይሞታል፤ በውስጡ የሚጎጁት ወፎች ይበተናሉ፣ ነገደ ወይጦ የተባሉት የሐይቁ ዳር ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበትም ይጠፋል። በሰንበት ከከተማ ለሽርሽር የሚመጣው የአገር ሰው ሙዚቃ ከፍቶ፣ የውኃ ላስቲክ ጥሎ ይሄዳል። ጦጣዎቹ ከሰው እጅ ሙዝና ብስኩት መቀበል ስለለመዱ የልጆችን ጓዝ ይነጥቃሉ። እያንዳንዱ ጥፋት ትንሽ ነው፤ ትንሽነቱ ነው ማንም እንዳይቆጣው ያደረገው።

ለዚህ መፍትሔ ከውጭ መበደር አያስፈልገንም። ክብራን ገብርኤል ወደ ተባለው የደሴት ገዳም ሴት አትገባም ሲባል እንግዳዋ ከጀልባው ሆና አይታ ትመለሳለች፤ ሕጉ ሕግ ስለሆነ ታከብረዋለች። ወደ ኡራ የሚገባ ሰው ጫማውን ያወልቃል፤ ማንም አያጉረመርምም። ለቅድስናው ሲባል የተከለከለውን ሰው በደስታ ይቀበላል። እንግዲህ ደንገሉ ዳር ሲደርሱ ሞተር ማጥፋት፣ ከእግር መንገዱ አለመውጣት፣ ለጦጣ ምግብ አለመስጠት፣ የያዙትን ላስቲክ መልሶ መውሰድ ከዚያው ወገን የሆነ ሥርዓት ሊሆን ይችላል። የሚያሳውቀውም ሰው አለ። ከአስጎብኚው ቃል ይልቅ የአባቶች ቃል በዘጌ ላይ ይሰማል፤ በሬ እንዳይጠመድ ያደረገው እሱ ነውና። አለማየሁ ዋሴ የተባሉት የደን ተመራማሪ በደቡብ ጎንደር ያደረጉት ይህን ይመስላል፤ ከካህናቱ ጋር ተነጋግረው የአብያተ ክርስቲያናትን ደኖች በካብ አሳጠሩ፣ ድንጋዩን የለቀመውና የካበውም ምእመኑ ራሱ ነበር።

እምቦጭ የተባለውን የውኃ አረም እዚህ ላይ ማንሣቴ ግድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ ሰሜናዊና ምሥራቃዊው ዳር ብዙ ተሠቃይቷል። ገበሬዎች በደረታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነቅለውታል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ይህ አረም በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ከማሳው በጎርፍ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ ይመግበዋል። ስለዚህ የዘጌ ያልታረሰ ዳር ለሐይቁ የሚያደርገው ቸርነት በዓይን ይታያል፤ ዝናብ ሲወርድ በደኑ ሥር ያለው አፈር አይነቃነቅም፣ ወደ ውኃው የሚገባውም ንጹሕ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ቢደረግ የምመኘው ነገር ስለ ዓሣው ነው። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በግልገል አባይ አፍ ላይ መረብ እንዳይጣል፣ ጀልባም ለጉብኝት እንዳይቀርብ ቢደረግ፣ ዓሦቹ ወጥተው ይመለሳሉ። ይህን ለአጥማጁ በባዶ እጅ ብቻ መንገር ግን ግፍ ነው። ክረምት በቤቱ ችግር የሚጠናበት ወቅት ነው። በበጋ ወደ ገዳማቱና ወደ ሐይቁ የሚመጣው እንግዳ በየማረፊያው ይከፍላል፤ ከዚያ ክፍያ ጥቂቱ በአጥማጆች ማኅበር በኩል ለእነዚያ ሁለት ወራት ቢቀመጥ፣ በዘጌም ከመንገዱ ራቅ ብለው ላሉት ቡና ገበሬዎች ጀንፈላቸውን በተሻለ ዋጋ ለእንግዳው የሚሸጡበት ቦታ በማረፊያው ላይ ቢሰጣቸው፣ ደኑም ዓሣውም ጠባቂ ያገኛሉ። ማኅበራቱ አሉ፣ ገዳማቱ አሉ፣ ክልሉም ቢሮዎች አሉት። በአንድ ገበታ ዙሪያ አስቀምጦ የሚያነጋግራቸው ሰው ሊነሣ የሚገባው ቀጣዩ ክረምት ሳይገባ ነው።